ከዘፋኙ በስተግራ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፣
የኦርቪል ታኬትን አውቶቡስ ነድቻለሁ፤
ከተልሳ አማሪሎ፣ ካማሪሎ ላቦክ፣
መስኮቱ ባሸዋ፣ በነፋስ ሲታወክ።

ስለሱ ነው ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ፣
“ባርኔጣው ስንት ነው? ሲጠጣስ?” የሚሉኝ።
ድምፁን ማንም ያውቃል፣ ሸክላው ይናገራል፤
የኔ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ይውላል፦
መብራት ከማይደርስበት፣ ከዘፋኙ በስተግራ፣
ከተቀመጠው ሰው፣ አንገት ደፍቶ ከሚሠራ።

ጊታሩን እንደ ጠረጴዛ ፊቱ ዘርግቶ፣
በቀኙ ጣቶች የብረት ጥፍር አግብቶ፣
በግራው ድፍን ብረት ክር ላይ ሲያንሸራትት፣
ከስር ፔዳል ሲረግጥ፣ በጉልበቱ ሲጎትት፣
ሳንቲም የጠፋበት ይመስላል ሲያቀረቅር፤
አዳራሹ ግን ያነባል ከዳር እስከ ዳር።

በየዘመናቸው ሦስት ነበሩ።

አልቪ ፕሩዊት ቀዳሚው፣ የጥጥ ሰፈር ልጅ፣
በቧንቧ ቁራጭ የተማረ፣ ባባቱ ደጅ።
ፔዳል አያውቅም፤ ጭኑ ላይ ነው የሚያስተኛት።
ጥርሱን ባመመው ማታ የሚወዳደረው አልነበረም፤
“ሐኪም ቤት እንዳትወስዱት” ይለናል ኦርቪል፣
የምሩን ይሁን የቀልዱን እስካሁን አላውቅም።
ሚስቱ ዳላስ ላይ “ወይ እኔ ወይ ብረቱ” አለችው፤
ብረቱን አቅፎ መጣ። ሻንጣውን እሷ አስቀረችው።

ቀጥላ ኤርማ ጂን፣ የሰባኪ ልጅ ናት፣
እግሯን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ያፍታታላት።
ያቢሊን ባለ አዳራሽ “ሴት እንዲህ ትቀመጣለች?” ብሎ ሊስቅ ከጀለ፤
ክሩን አንዴ ሳበችው፤ ሲጋራው ጣቱን አቃጠለ።
ሰባት ወር ብቻ ቆየች። ሰው የሚወደው ሸክላ የሷ ነው፤
ሽፋኑ ላይ የወጣው የኦርቪል ጥርስና ባርኔጣው።

ሦስተኛው ቤናጃ።
ቤናጃ ክረንሾ ቃል አያበዛም፣
ሾርባ ሲጨልፉለት “በቃኝ” እንኳን አይልም።

ዊቺታ ፎልስ ነው፣ ኅዳር፣ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል።
ከቤንዚን ማደያው ስልክ ኦርቪል ተመልሷል፣
ፊቱ ኖራ መስሏል። አልጠየቅነው፣ አልነገረን፤
ወንድሙ መሞቱን በሳምንቱ ከጋዜጣ ሰማን።
መድረክ ወጣ።
ሁለት ስንኝ ዘፈነ፣ ያው እንደ ወትሮው፣
መብራቱ ስለጠፋ ቤት፣ ስላልተመለሰ ሰው።
ሦስተኛው ላይ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም።
ከበሮ መቺው ጫማውን አየ።
ቫዮሊኑ ቀስቱን አነሣ፣ ክሩን አልነካም።
ሰው ቃሉን ሲበላ አይቻለሁ፣ በዕዳም በፍቅርም፤
እንደዚያ ማታ ግን ሲያንቀው አላየሁም።
ግራ ገባው፤
ግራ ሲገባው ወደ ግራ ዞረ።
ቤናጃ ቀና አላለም። ብረቱን ከላይ ጀመረ፣
ሳይቸኩል፣ ቃል በቃል፣ ስንኙን በክር ተናገረ።
ማንም ያላለውን ቃል ሰማሁት፣ በሩንም፣ መብራቱንም፣
ያልተመለሰውንም።
ሕዝቡ የታቀደ መስሎት አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ፣ ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ፣
ኦርቪል አፉን ይዘጋል፤ ዞሮ ይጠብቃል እስኪጨርስ።
ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም፤
ደመወዙ ላይ አሥር ዶላር ጨመረለት፣ ስለሱም አላወራም።

አሁን ኦርቪል ሙስኮጊ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ጊታር ተቀርጿል፤
የሚታቀፈው ዓይነት። ቀራጩ ተሳስቷል።
አልቪም የለም። ኤርማ ጂን ከነርስነት ጡረታ ወጣች፤
ካርድ ትልካለች በየገናው፣ ስለ ሙዚቃ ዝም እንዳለች።

ባለፈው እሑድ ቤናጃን ልጠይቅ ሄድኩ። ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ቋጥረዋል፤
መሣሪያው ከአልጋው ሥር፣ በሣጥኑ፣ አቧራ ለብሷል።
“ያ አውቶቡስ አሁንም ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል?” አለኝ፤
ከሸጥነው ሠላሳ ዓመቱ። “ይጮኻል” አልኩት፣ ምን ገደደኝ።
የልጅ ልጁ ሸክላ አስቀመጠች፣ ከዊቺታ ወዲህ የተቀዳውን።
አንደኛው ስንኝ አለፈ። ሁለተኛው።
ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ፤
ብርድ ልብሱ ላይ የግራ እጁ
ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፣ ወደ ጉልበቱ፣
ልክ ክሩ በሚያልቅበት ቆመ።