ተበተኑ

ነጭ ጓንት ሰጧት፣ ወረቀቱን በእጇ እንዳታሳድፈው።
ብሪዝበን፣ መዝገብ ቤት፤ ክፍሉ ይበርዳል፤ ሰዓቱ ስምንት ነው።
ዳልሲ አልሳቀችም። ጓንቱን አጠለቀች፣
የሳጥኑን ክር ፈትታ ገጹን ገለጠች።

«መጋቢት ሃያ ሁለት፣ በቢለራ መንደር፣
ከብት አርቢው ሚስተር ፔል ምሎ ሲናገር፦
አንዲት ላም ሞታለች፣ ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣
ሜዳ ላይ ተገኘች፣ በጦር ቆስላ ወድቃ፤
ስሟ ፕሪምሮዝ ነው፣ አራት ፓውንድ ዋጋዋ፤
አጠገቧ ቆሟል የሳምንት ጥጃዋ።

ኮንስታብል ሃሮው ስድስት ፈረሰኛ
አስከትሎ ወጣ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ፤
ጎህ ሲቀድ በወንዙ፣ ከእሳታቸው ዳር፣
ጥቁሮቹን አግኝቶ በተናቸው።»
                              ነበር
የሚለው ቃሉ። በተናቸው።
የጸሐፊው ብዕር አልተንቀጠቀጠም፤
ከመስመሩ ወጥቶ ነጥብ አልጣለም።

እህል ይበተናል፣ ዶሮ ይለቅመዋል።
ጉባኤ ይበተናል፣ ሰው ቤቱ ይገባል።
ደመና ይበተናል፤
ዘርም ይበተናል፣ ዝናብ ያገኘዋል።
ሰው ግን ከነልጁ፣ ከነእንቅልፉ፣
ወዴት ይበተናል፣ ፈረስ ቆሞ ደጃፉ?

ቀጣዩ ገጽ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤
የወጪው ዝርዝር ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፦
ጥይት፣ አርባ ሦስት። ለፈረሶች ገብስ።
ሩም፣ ሁለት ጠርሙስ።
የአካፋ ኪራይ፣ ለሁለት ቀን ሥራ።

ተበትኖ ለሄደ አካፋ ምን ሊሠራ?

ከግርጌው፣ በሌላ ቀለም፣ እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል፣
«አንድ ጥቁር ልጅ መጥቶ አይቻለሁ ይላል።
መጽሐፍ አስይዘን ልናስምል አንችልም፤
አምላክን አያውቅም። ቃሉ አልተጻፈም።»

ልጁ የአያቷ አባት ነው።
ስሙን አታነሣም፤
በወገኖቿ ወግ የሞተ አይጠራም።
መዝገቡም አይጠራም።
ሁለት ዝምታ ነው፤ አንዱ የሐዘን ጨርቅ፣
አንዱ በጥድፊያ የተመለሰ አፈር፣ ጉድጓዱ እንዳይታወቅ።

ሸምግሎም በየዓመቱ፣ ወንዙ ሲጎድል፣
ልጆቹን አስከትሎ ይወርድ ነበር አሉ፤
በዱላው ጫፍ ምድጃ ያሳያል፣ አመድ የሌለበት፦
እዚህ አምስት ነበሩ። እዚያ ማዶ ሰባት።
ከዛፏ ሥር ሲደርስ ዱላው ይቆማል፤
እዚያች ላይ አይቆጥርም።

«ልንዘጋ ነው፣ እመቤት» አለ ዘበኛው።
ጓንቱን አወለቀች፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤
ማንም ሳያያት የቀኝ አውራ ጣቷን
«አልተጻፈም» ከሚለው ሥር፣
ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች።
ላቧ እስኪደርቅ ድረስ አላነሣችውም።