ማዘዣ ሳነብ

የጦሳ ጉም ወርዶ ደጁን ሲያለብሰው፣
ከመስኮቴ ሽቦ አይታየኝም ሰው፤
የሚታየኝ እጅ ነው፣ በእጁም ወረቀት፣
በወረቀቱ ላይ የሐኪሙ ጽሕፈት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደሴ ላይ ሳነብ
ፊደል ብቻ አይደለም የለመድኩት፤ ልብ።
ከታች የፈረመው እሱ ቢሆን እንኳ
የያዘው ብዕር የመምህሩ ነው ለካ።

ዶክተር ልዑልሰገድ፣ ቢላው አይስትም ይሉታል፤
ገና ተማሪ ሳለ ፕሮፌሰሩ እንዲህ ብለውታል፦
«ሕመም ጠቋሚ ነው። ጠቋሚ አይገደልም፤
አፉን ካዘጋኸው ሌባው አይያዝም።»
ይኸው ሌባው ታውቆ፣ ስሙም ተጽፎ፣
አጥንት ድረስ ዘልቆ፣ ጀርባ ላይ አርፎ፣
ጠቋሚው አሁንም ይጮኻል ሌት ተቀን፤
እሱም ይጽፋል፦ ፓራሲታሞል፣ ሁለት ፍሬ፣ በቀን
ሦስቴ።

ሃምሳ አለቃ ገብረየስ
ጤና መኮንን ከሆነ ሃያ ዓመት አለፈው፤
ማዕረጉ ግን አልለቀቀው።
መጽሐፍ አልነበረም፣ ግንባር ነው ያስተማረው።
አርባ ቁስለኛ ነበር፣ ብልቃጡ አራት፤
በእጅ ባትሪ ፊት እያዩ፣ የሚተርፈውን መርጦ መውጋት፣
የቀረውን «አብሽር» ብሎ፣ እጁን ይዞ ማደር።
ዛሬ፣ የኔ ቁም ሳጥን ሙሉ ሆኖ ሲያድር፣
የሱ ማዘዣ ሁልጊዜ፦ ግማሽ።
«ለምን ግማሽ?» አልኩት አንድ ቀን።
ዞር ብሎ ባዶውን ኮሪደር አየና
«ሌሎች ተሰልፈዋል» አለኝ።

እትዬ ጦይባ ከኩታበር በሚኒባስ መጣች፤
ሁለት አሮጌ ማዘዣ በፌስታል ይዛለች፤
በአንዱ ሦስቴ በቀን፣ በሌላው ግማሽ።
ያን ለት የገጠመቻት ዶክተር ሉባባ ነበረች።
ልጅ ናት ገና። ስትማር፣ አንድ ወር ብቻ፣
ከማይድኑት ክፍል ተመድባ አገልግላለች፤
ከሰባቱ ዓመት ሁሉ እጇ ላይ የቀረችው ያቺ ወር ነች።
«እናቴ፣ ከዜሮ እስከ አሥር፣ ሕመምሽ ስንት ነው ቢሉሽ?»
«ቁጥር የት አውቄ፣ ልጄ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?
ባቲ ገበያ ድረስ ጨው የተጫነች ግመል
ከወገቤ ላይ ተኝታ፣ ተነሽ ብላት እምቢ የምትል።»
ሉባባ አልሳቀችም። አሥር ብላ ጻፈች።
ሞርፊን፣ የሚጠጣ፣ በየአራት ሰዓቱ። ፈረመች።
ማኅተም ግን ረሳች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ልጇ አህመዲን መጣ።
አነበብኩት። ቃሉ ልክ፣ መጠኑ ልክ፤
አንዲት ክብ ብቻ ጎድላለች።
እኔንም ያስተማሩኝ ነበሩ፣ በጣት
እያመለከቱ ቀዩን መዝገብ፣ ባለሁለት
ቁልፉን ሣጥን፦ «አንድ ብልቃጥ ብትጎድል
በራስሽ ነው ሒሳቡ»፤ ያደግኩበት ቃል።
ስለ ሰው ጀርባ ግን፣ ስለ ግመሏ፣ ስለ ሌቱ፣
አንድ ገጽ አልነበረም በዚያ ሁሉ ትምህርቱ።
«ማኅተም የለውም» አልኩት። «ዶክተሯም ወጥታለች። አብሽር፣ ነገ ና።»
አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ወረቀቱን አራት አጥፎ ጉሙ ውስጥ ገባና
ጠፋ።

ጧት ሦስት ሰዓት ተመለሰ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ።
ጠርሙሱን ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ፈረመ።
«እናትህ እንዴት አደረች?»
«አልሐምዱሊላህ» አለኝ፤ «ነጋ።»

በሰዉ ጽሕፈት ውስጥ መምህሩን የማነብ እኔ፣
ጽሕፈቴ ቁልፉ ኖሯል፤ አላየሁትም በዓይኔ።
መቁጠር ነው ሙያዬ፤ እንግዲህ ቆጠርኩት፦
ከአሥር እስከ ሦስት፣ በየአራት ሰዓት፣
አራት ጊዜ ግመሏ ልትነሣ ትችል ነበር በዚያች ሌሊት።
ጽፌ ላኖረው ብዬ መዝገቡን ገለጥኩት፤
የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣ የተሰበረ፤
ለዚህ ግን የለውም ቤት።