የቤልሚሮ ጭረት

ከኤቮራ ምዕራብ፣ ከጓዳሉፔ ማዶ፣
ዝናብ በማያውቀው ሐምሌ ምድር ነድዶ፣
በቡሽ ዛፎች መሐል፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
ቆመዋል ድንጋዮች፣ ፊታቸው ለፀሐይ።
ክብ ነው እንዳልል፣ አንድ ጎኑ ሾልኳል፣
ሰልፍ ነው እንዳልል፣ ሰልፈኛው ተኝቷል፤
እንደ ገበያተኛ ማልዶ እንደ ደረሰ
አንዱ ቀና ብሎ፣ አንዱ ተንተራሰ።

እኔ በሜትር ገመድ፣ በእርሳስ፣ በደብተር፣
ቁመት ልለካ ነው፣ ውፍረት ልደምር።
አርባ ሦስተኛውን ጎንበስ ብዬ ሳየው
ሦስት ጭረት አለው፣ ጣት የሚያስገባው።

ሦስት! የጨረቃ ፊት? የወንዞች ምልክት?
የጎሳ ማኅተም? የሙታን አድራሻ?
ለአማልክት የገባ የጥንት ሰው ስለት?
ገና ሳልስለው ነው ሐተታ የጻፍኩለት።

ቡሽ ላጩ ቤልሚሮ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣
እጁ እንደ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ የወንዝ ጠጠር፣
ሳል ይሁን ሳቅ ይሁን ሳይለይ ቆይቶ
«እሱስ የኔ ነው» አለ፣ ባርኔጣውን ገፍቶ።

«ያኔ ወድቆ ነበር፣ ቁጥቋጦ ሸፍኖት፣
ማንም ሳያጥረው፣ ማንም ሳይቆጥረው፣ ድንጋይ ብቻ ሲሉት።
አባቴ በቅሎውን ሲያሳርፍ ከጎኑ፣
እናቴ አንሶላ ስታሰጣበት ሲሞቅ ቀኑ፣
እኔ ደግሞ ምሳር። ሦስት በጋ ሙሉ
ሳልኩበት፤ እነሆ፣ ጭረቶቹ አሉ።
ኋላ የከተማ ሰዎች በሰንሰለት አቁመው
አጨበጨቡለት።
ደስ ብሏቸው ነበር፤ ምን ልበላቸው?»

ስለት ነው ያልኩትስ ስለት ሆኖ ቀረ።
ላጲሴን ሳወጣ እጄን ያዘና ተናገረ፦

«ምን ያስጠፋሻል? የፊተኛውስ ሰው
ማን ይመስልሻል? ጀርባውን ፀሐይ የላጠው፣
ስለቱ የዶለዶመ፣ ውሃው ያለቀበት፣
ቀትር እስኪያልፍለት የሚቀመጥበት
የፈለገ ነው።»

ይኼን ብሎ ዞረ። ከግንዱ ላይ በነጭ
ቀለም የተጻፈች አራት ቁጥር አለች፤
የዓመተ ምሕረቱ ጅራት ናት። ዘጠኝ ክረምት ሳይሞላ
ሰው አይነካት ዛፏን፣ አያርፍባት ቢላ።
«ሰባቴ ላጥኳት» አለኝ። «ስምንተኛው ለሌላ።»

ከዚያ ወደኔ፦
«ሜትርሽን ተይውና ጀርባሽን ስጪው።
ሸክም ያለው መንገደኛ ይኼን ዳገት ሲወጣው
የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

አየሁ ቁልቁል። ነፋሱ ከኋላ ተጋርዷል፣
ሸለቆው ተከፍቶ ወደ ምሥራቅ ወርዷል፣
የታጨደው ማሳ እስከ ከተማው ግንብ ይነጣል፣
ከዛፎቹ ሥር ሥር ያው ግራጫ ድንጋይ ራሱን ብቅ ያደርጋል፤
ማንም አላመጣው ከሩቅ አገር ጭኖ፣
ኮረብታው ራሱ ነው የቆመው፣ ዓይን ሆኖ።

«እዚህ» አልኩ።
«በቃ» አለኝ፣ ምሳሩን አንሥቶ።
ሌላ የነገረኝ የለም። ወረደ ቁልቁል፣ ውሻውን ተጣርቶ።

ጀንበር ጠልቃ እንኳን ድንጋዩ አልበረደም፤
ጀርባዬን ሲያሞቀው እግሬ አልተራመደም።
ፊደሉ በማይታይ ብርሃን ጻፍኩ፦ አርባ ሦስት ቁጥር።
የዚያው ዳገት ድንጋይ። ሁለት ሜትር ከሩብ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር።
ጭረቱ ሦስት፤ ጥልቀቱ አውራ ጣት፤ በስለት የተነካ።
ዘመን በሚለው መስመር ላይ ብዙ ቆየሁና
ጻፍኩ፦ «በጋ»።