ስምንት ሰከንድ

በሥራ ሰዓት መሳቅ ክልክል ነው፤ እኔም በዚያ ቤት፣
ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከቁልፎቹ ፊት፣
አፌን በሹራቤ እጅጌ ወትፌ
ስንት ቀልድ አሳለፍኩ፣ ዓይኔን መርፌዋ ላይ አሳርፌ።
(መርፌዋ፣ ያቺ ቀዩ መስመር ላይ የምትዘል፣
"ይህ ሰው ጮኸ" ብላ የምትከስ፣ የማትምል።)

ማይክ ሳያውቅ በፊት ሚኒባስ ላይ ነበር፤
"አቶቴ! አቶቴ!" በአሥር ሰው ድምፅ ሲጣራ የሚያድር፤
አንዴ እንደ ዳኛ፣ አንዴ እንደ ሙሽራ፣
አንዴ መልስ እንደተረሳበት ተሳፋሪ፣ ቆጣ ብሎ ሲጣራ።
መውረጃው እያለፈው ስንቱ ሰው በሳቅ
በእግሩ ተመልሷል፣ ቂም እንኳ ሳያውቅ።

የመጀመሪያው ቀልዱ ግን ከይርጋለም መጣ።
አባቱ የሆስፒታሉ ዘበኛ፤ ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ፣
ኖርዌያዊቷ ነርስ፣ ሲስተር ራግንሂልድ፣
ከመጽሐፍ በተማረችው አማርኛ፣ እንደ ሕፃን ድክ ስትል፣ ስትሄድ፣
ሴቱን "አንተ" ብላ፣ ወንዱን "አንቺ" ብላ፣
ያንን ባለ ጺም፣ ያንን ባለ ዱላ፦
"አንቺ ዳንጊሶ! ደህና አደርሽ ወይ?
በሩን ክፈቺልኝ። ሚስትሽ ተሻለው ወይ?"

ልጁ ይህን ይዞ መጣ። ጢሞቴዎስ መባሉ ተረሳ፤
በአባቱ ስም ጠራው መላው ሐዋሳ።

ከዚያ ሬዲዮ። ማለዳ አሥራ ሁለት፣
አሞራ ገደል ሾርባው ሲፈላ፣ ጀልባው ሲጎተት፦
"እንደምን አደራችሁ! ሐይቁ ቦታው አለ፤
የጠፋ ነገር ካለ ሌላ ጋ ይፈለግ" እያለ።
አባ ኮዳን ሹም አደረገው፣ ጡረታ የወጣ፣
ካፖርት ደርቦ፣ ዓሣ ገበያ ሊቆጣጠር የመጣ፤
"ይህ ጭንቅላት የማን ነው? ደረሰኝ የታለ?"
አንጀት ሲጣልለት፣ "ፋይሉ ተዘጋ" ያለ።

ሦስት ወር ታገደ። አንድ የእውነት ሹም
ራሱን በወፍ ውስጥ አየ፤ "እኔ ነኝ" አለ እንጂ፣ እኛስ አላልንም።

ቴሌቪዥን ወሰደው፤ አዲስ አበባ ሱፍ አለበሰው፤
ፊቱን ዱቄት ቀቡት። ያ ሁሉ ሰው፣
ያ ሁሉ ድምፅ፣ አንድ ፊት ውስጥ አልገባ አለ።
"ይሄ ነው እንዴ?" አለች ልጄ። በዓመቱ ተመለሰ።
ስለዚያ ዓመት ቀልዶ አያውቅም።

ሐሙስ ነበር። ከይርጋለም ደብዳቤ ደረሰ፦
ሲስተር ራግንሂልድ፣ በዘጠና አንድ ዓመቷ፣ በአገሯ አርፋለች፤
ለሚያውቋት ሁሉ ይነገርልን።
የሐዘን ዜማ አዘጋጅቼ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ጀመረ፤
እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብሎ፣ ስሟን ጠራ፣ ቀኑን ተናገረ።
ቆመ።
ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባው ባዶ ነው።
አባቱ ከሞቱ ያኔ ሰባት ዓመታቸው ነው።
ከዚያ በእሷ ድምፅ፣ ሠላሳ ዓመት ባሳቀን፣ ቀስ ብሎ፦

"አንቺ ዳንጊሶ…
በሩን ክፈቺልኝ።"

አንድ። መርፌዋ ተኛች።
ሁለት። ዝምታ በሬዲዮ ኃጢአት ነው፤ ከስርቆት ይበልጣል።
ሦስት ላይ ዜማውን መልቀቅ ነበረብኝ።
አራት። በመስኮት አየሁ፣ ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፤
ሾፌሩ ወደ ሬዲዮው አጎንብሷል።
አምስት። ስድስት። ጣቴ የኔ አይደለም።
ሰባት። ዳንጊሶ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ።
ስምንት ላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

የውስጥ መነጋገሪያው ክፍት ነበር፤ ሳቄ ከእንባዬ ጋር ወጣ፤
ዳቶ ሰማ፣ ጥልቴ ሰማ፤
"ያቺ ሴት ማን ናት?" ተባለ ለሳምንት በየሻይ ቤቱ።

ደብዳቤ ተጻፈልኝ፦ "ለወይዘሮ ታየች ሎምቤ፤
ስለ ስምንት ሰከንድ ዝምታና አግባብ ስላልሆነ ሳቅ፤
የአምስት ቀን ደመወዝ።" ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው።
ዳንጊሶ ተቀብሎኝ አነበበው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
አንገቱን ሰብሮ፣ በአባ ኮዳ ድምፅ፣ እስከ ግልባጩ ድረስ፤
ከዚያ የሁለት ቀን ተኩሉን ከኪሱ ቆጠረልኝ፤
ደረሰኝ አስፈረመኝ።