ቁጥር ሠላሳ ስድስት

በኢስቶኒያ ሐምሌ ጀንበር ለይምሰል ነው የምትጠልቀው፤
እኩለ ሌሊት ላይ ሰማዩ አመድ ይለብሳል እንጂ ጨለማ አያውቀው።
አሥራ ሁለት ልጆች፣ አራት ድንኳን፣ አንድ ድስት፤
ትንኙን ከቆጠርን እኛ ነን ጥቂት።
ኡርቬ አሠልጣኛችን ፊሽካ አላት አንገቷ ላይ፣
ነፍታው ግን አታውቅም፤ ስንሳሳት ቆማ የምታይ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቀይ ጥብጣብ ክንዴ ላይ አሰረች፤
«ካውር፣ ዛሬ መሪው አንተ ነህ፤ እስከ ሐይቁ ውሰደን» አለች።
ኮምፓስ ሰጠችኝ፤ ካርታ ሰጠችኝ፤ ለሌሎቹ ዝምታ።
ደንቡ ይኸው ነበር፦ መሪው ካልጠየቀ በቀር ማንም አፉን አይፈታ።

አልጠየቅሁም።
ምን በወጣኝ! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ ከሁሉ ይበልጣል፤
አባቴ በታርቱ የእሳት አደጋ አለቃ ነው፤ መሪነት በደም ይወረሳል
ብዬ አምን ነበር።

ረግረግ ግን ዘር አይጠይቅም።
ሲያዩት ምንጣፍ ነው፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤
ሲረግጡት ይተነፍሳል። እኔ ግን ፈጠንኩ እንደ ልማዴ።
ድንክዬ ጥዶች ነበሩ፣ ከወገቤ በታች፣ ከአያቴ በዕድሜ በላይ፤
የቸኮለ ሰው ዝቅ ብሎ መች ሊያይ!
ከኋላዬ የአሥራ አንድ ሰው ጫማ ጯ፣ ጯ ይላል፣
እየራቀ፣ እየሳሳ። «ይደርሱብኛል» አልኩ፤ «መሪ እኮ ይቀድማል።»

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ከጩኸት ያነሰ፣
ቡሹ ተነቅሎ ጠርሙስ እንደ ተነፈሰ።
ኬርቱ ናት። ትንሿ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ኬርቱ፣
እስከ ወገቧ ሰምጣ፣ ዓይኖቿ ጥብጣቤ ላይ አፍጥጠው በብርቱ።

እኔስ?
እኔ ካርታውን ዘረጋሁ።
አዎ፣ ካርታውን! ሰው እየሰመጠ ወረቀት ላይ መንገድ ፈለግሁ።

ኡርቬ ፊሽካዋን ከንፈሯ አስጠግታ አንድ እርምጃ ተራመደች፤
ሌሎ ግን፣ በአራት ቀን አራት ቃል ያልተናገረች፣
ሻንጣዋን ወርውራ፣ በሆዷ ተዘርግታ፣ በትሯን ወደ ኬርቱ ሰደደች።
«አትታገይ» አለቻት፤ «እንደ ተኛ ሰው ሁኚ፤ ቀስ።
ካውር፣ እግሬን ያዝልኝ!»
ያዝኩ። ልዋሽ እንዴ? መታዘዝ እንደዚያ ቀን ብሎኝ አያውቅም ደስ።

ጎተትን። ረግረጉ ልጅቷን ለቀቀ፤
ጫማዋን ግን፣ የግራውን፣ ቁጥር ሠላሳ ስድስት፣ ዋጥ አድርጎ ደበቀ።

ማታ እሳት ከበን «ስለ መሪነት ምን ተማራችሁ ዛሬ?»
«መተማመን»፣ «ትብብር»፣ «ጽናት»፤ ቃል ተቆረጠመ እንደ ጥሬ።
ተራው ሲደርሰኝ «ካልሲዬ ረጥቧል» አልኩ።
ሳቁ። የሳቁበትን አላወቅሁም፤ እኔ እውነቴን ነበርኩ።
ሌሎ ትከሻዋን ሰበቀች፦ «አጎቴ ረግረግ ዳር ነው የሚኖረው»፤
ይህን ብላ ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰችው።

በማግስቱ ስንመለስ የግራ ጫማዬን ለኬርቱ ሰጠሁ፤
ቁጥሩ አርባ አራት ነው፤ «ጀልባ!» አለች፤ እሷ ስትስቅ ነው እኔም የሳቅሁ።
እንዳይወልቅባት ከቁርጭምጭሚቷ ጋር በቀዩ ጥብጣብ ጠፈርኩት፤
እግሬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሰልፉን ከጭራው ያዝኩት።

ከኋላ ብዙ ይታያል።
ሌሎ ድንክዬዎቹ ጥዶች አጠገብ ብቻ ነው የምትረግጥ፤
ሥር ያለበት ቦታ አይሰምጥ።
ይህን ትናንትም ታውቅ ነበር።
ብጠይቃት።

ረግረግ አያበሰብስም ይላሉ፤ የዋጠውን ሺህ ዓመት ያቆያል።
አንድ ቀን አንዱ ቆፋሪ ጭቃዋን ጠርጎ ጫማዋን ያያል፤
«የግራ፣ የልጅ፣ ቁጥር ሠላሳ ስድስት» ብሎ ይመዘግባል።
ያን ቀን ማን ይመራ እንደ ነበር አይጽፍም።

ይሻላል።