ሽብልቅ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አፍንጫዬ ቀድሞኝ ነቃ፤
ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ደጅ እንዳደረ ዕቃ።
ኮሪደሩ ላይ ያለችው ትንሿ ቴርሞስታት፣
ዓመቱን ሙሉ «ሃያ አንድ» የምትል፣ ሳትታክት፣ ሳትደክም፣
ፊቷ ባዶ ነው። ቁጥር የለም፣ መብራት የለም።
ውጭው ሠላሳ ሁለት ነው፣ ከዜሮ በታች፤
ድመቷ ሳትጠራ አልጋዬ ውስጥ ገባች።
ተንደር ቤይ ተኝታለች፤ ሐይቁ ብቻ
በረዶውን እየሰነጠቀ ያጓራል።

አርባ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤
በጨለማ ጎማ እፈታለሁ፣ ሰንሰለት አስራለሁ፤
ሽቦ ግን አላውቅም።
የሽቦ ሰው አይላ ነበረች፣
የወረቀት ፋብሪካውን ሞተር በጆሮዋ የምትመረምር፣
በሚያዝያ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ጥላኝ የሄደች።

የባትሪ ድንጋይ ነው ብዬ ከግድግዳ ሰዓቱ ሁለት ነቀልኩ፤
ክዳኗን ስከፍት የድንጋይ ቤት የላትም። ደርቄ ቆምኩ።
አሁን ሰዓቱም ቆሟል፤
አንዱን አድናለሁ ስል ሁለት በሽተኛ ይዣለሁ።

አራት ቀጫጭን ሽቦ፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤
ጎኑ ላይ፣ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ፦
«ኡርሆ፣ ሰማያዊውን እንዳትነካ!»
አልነካሁም።
በሕይወት ሳለች ብትለኝ ኖሮ፣ ለነገሩ፣ እነካው ነበር።

ምድር ቤት ወረድኩ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ የእሷን ሹራብ ለብሼ።
ብሬከሩን አጠፋሁ። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። መለስኩ።
ማሞቂያው ጭጭ።

ለዴልፊን ሚሻኖ ደወልኩ፣ ለጎረቤቴ፤
በወደቡ የእህል ጎተራ የሌሊት ተረኛ ናት።
«ትናንት ምን ነካህ?»
«ምንም።»
«ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምንም ነው የሚለው። አስብ።»

አሰብኩ። ማታ የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፤
የማሞቂያውን የብረት በር ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ወለሉን ጠረግኩ፤
አንዲት እጥፍጥፍ ወረቀት ከጠርዙ ወደቀች፣
አቧራ የጠጣች፤
ጉድፍ መስላኝ ጣልኳት።

ዴልፊን ሳቀች፤ ከጀርባዋ ስንዴ ሲንሿሿ ይሰማኛል።
«ከበሩ ኋላ አንዲት ቁልፍ አለች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል፤
በሩ ደረቷን ካልተጫናት መብራት አታሳልፍም።
የላይኛዋ አልታመመችም፣ ኡርሆ፤ የታችኛው ነው ያስራባት።»

የቆሻሻውን ቅርጫት ደፋሁት፤
ከድንች ልጣጭ፣ ከዓሣ አጥንት መሃል አገኘኋት።
አራት ጊዜ የታጠፈች የመጫወቻ ካርታ። ዘረጋኋት።
ሰባት ቀይ ልብ።

አምላኬ።

አሥራ አንድ ክረምት የጠፋችብን ሰባት!
አማቼን ቬይኮን ሌባ ብዬ ከጠረጴዛዬ ያስነሣሁባት፣
ገና በመጣ ቁጥር እጅጌውን የማይባት።
አይላ ትሰማ ነበር፣ ሹራቧን እየሠራች፤
ከንፈሯን ነክሳ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ።
እግራችን ግን ይሞቅ ነበር።
ሌላ ወረቀት ጠፍቶ ነው? ቤቱ ሙሉ ወረቀት፣
የፋብሪካ ሰው ቤት!
ወይስ በዚያች ሰባት እያሸነፍኩ ስላስቸገርኳት?

በድሮው እጥፋቷ መልሼ አጠፍኳት፤
ጠርዙ ላይ ሸጎጥኳት፣ በሩን በጉልበቴ ገፋሁት።
ቀጭ።
ትንሽ ዝምታ፣ ትንሽ የጋዝ ሽታ፣
ከዚያ ሰማያዊ እሳት።

ላይ ስወጣ ትንሿ ዓይኗን ገልጣለች፦
ዘጠኝ።
ሰዓቱ ግን እንደቆመ ነው፤ ድንጋዩ ኪሴ ውስጥ።

ሲነጋ ለቬይኮ እደውላለሁ።
ጆሮው ደክሟል፣ መጮኽ አለብኝ፤
ጎረቤት ሁሉ ይስማ እንግዲህ።
ዘጠኝ ተኩል።
አሥር።