ሦስት መብራት ለአንድ ቁልቁለት

እርጃቦ ከካርቶኑ ሲያወጣ መብራቱን፣
ጮክ ብሎ አነበበው የጀርባ ጽሑፉን፤
«አሥር ሺህ ሉመን ነው! ይኸው ተጽፏል!»
ላንቃሞም ሳቀና፣ «ለፀሐይስ ምን ተርፏል?»

የእኔዋ ግን ያችው፣ አሮጌዋ መብራት፣
ከጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ከመሪው ያሰርኳት።
ሦስት ነው ጠባይዋ፤ አንዴ ሲጫኗት ደማቅ፣
ሁለቴ መካከለኛ፣
ሦስቴ ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ የምትማቅቅ።
አራተኛም አላት፣ ማንም የማይወደው፣
ብልጭ ድርግም እያለ ራስ የሚያዞረው።

ላንቃሞ ግንባሩ ላይ፣ እንደ ወርቅ ቆፋሪ፣
አንዲት ቀጭን ሰክቶ፣
«እናንተ መሪ ያዙ፣ እኔ ልሁን መሪ!»

ውርርዳችን ዓሣ ነው፣ አሞራ ገደል፣
ማልዶ የሚጠበስ፤ የተረታ ሊከፍል።

ምሽት ሁለት ሰዓት፣ ከአላሙራ ግርጌ፣
ማርሹን አቅልዬ፣ መብራቴን ዝቅ አድርጌ፣
ወጣሁ በኩራዟ። ዳገት ምን መብራት ይሻል?
የሚታይህ ጎማህ ነው፤ ልብህ በጆሮህ ይመታል።
እርጃቦ ግን ከታች እስከ ላይ በሙሉ ኃይል፣
ቅጠሉን ሁሉ ነጭ፣ አፈሩን ሁሉ ኖራ አስመስሎ ሲከተል፣
የእሳት ራት ከያለበት ጠርቶ፣
አንዷን ሳያስበው ውጦ
ቆመ፣ አሳለ፣ ተፋ፣ ተነሣ ተቆጥቶ።

ጫፉ ላይ ደረስን። አንድ ግራር መረጥን፣
ሃያ እርምጃ ቆጥረን በተራ አበራን።
የእርጃቦው መሐሉ ዓይን ያወጣል፤ ዳሩ ግን ጨለማ፣
የላንቃሞዋ ቀጭን፣ አንድ ቅርንጫፍ መርጣ የምትወጋ ዒላማ፤
የእኔዋ በሁለቴው ቢጫ ሸማ ለግንዱ አለበሰች፣
ከሥሩ ያለችውን የምስጥ ኩይሳ ሳይቀር አሳየች።
እርጃቦ ዝም አለ።
ካርቶን ምን ይላል፤
ወረቀት ነው፣ የጻፉበትን ይችላል።

ያኔ ነው መብራት የጠፋው፣ ከተማው እልም ያለው፣
ከፒያሳ እስከ ጥቁር ውሃ፣ አንድ ሰው እፍ እንዳለው።
ሐይቁ ብቻ ቀረ፣
ከጨለማው የጠቆረ።

ቁልቁለት። አሁን ነው ነገሩ።
ላንቃሞ ቀደመ፣ ብርሃን በግንባሩ፤
ግን ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን ጥላ አይሠራም፣
ድንጋዩ ሜዳ ይመስላል፣ ጉድጓዱ አያስፈራም፤
በሁለተኛው ጠመዝማዛ ጎርፍ የሰነጠቀው ውስጥ ገባ፣
ብስክሌቱ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ፣ ከእሾህ ቁጥቋጦ ተጋባ።
የእኔዋ ከመሪው ላይ ዝቅ ብላ ተኝታ፣
የየጠጠሩን ጥላ አስረዘመች ዘርግታ፤
ጥልቀት የነገረኝ ብርሃኑ አይደለም፤
ጥላው ነው። ይህን ካርቶን ላይ የጻፈ የለም።

እርጃቦስ? በአሥር ሺሁ ሲበር ከኋላዬ፣
መንገዴን ጋርዶብኝ በራሴው ገላዬ፣
ሳያስጠነቅቅ፣ ሳይደበዝዝ፣ ድርግም አለበት፤
ፍሬኑ ሲጮህ ሰማሁ፣ ከዚያ «ወይኔ!»፣ ከዚያ ጸጥታ፣
ከዚያም ሳቁ መጣበት።

ላንቃሞን ልናነሳ ደማቁን አበራሁት፤
ከባህር ዛፉ መሐል ዓይኑን ሸፍኖ መጣ
ዘበኛው፣ ዱካሌ የሚሉት።
ዱላ እንጂ መብራት አልያዘም፤
አልተቆጣም፣ አልተሳደበም።
«ደህና ታበራልኝ የነበረችውን ጨረቃ
እናንተ አጠፋችኋት፤ በሉ መልሷት፣ ትንቃ።»

አጠፋሁ። ለጥቂት ጊዜ ምንም።
ከዚያ መንገዱ መጣ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሳይጠራ፤
ከዚያ የዱካሌ ፊት፣ ከዚያ የላንቃሞ ጉልበት፣
ደሙ እንደ ቀለም ጠቁሮ ሲያበራ።

እስከ አስፋልቱ በእግር ገፋን።
ከዚያ ወዲያ ግን ባጃጅ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ መብራት የለም፤
ሾፌር ደግሞ ጨረቃን አያምንም።
አሮጌዋን ፈትቼ ከኮርቻዬ ኋላ አሰርኳት፣
አራት ጊዜ ተጫንኳት፤
ያ ማንም የማይወደው፣ ያ ራስ የሚያዞረው፣
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣
«አለን፣ አለን» እያለ
ከኋላ የመጣውን መኪና ሁሉ አዞረው።

ዓሣውን ማን ከፈለ?
እስካሁን እንከራከራለን።
እርጃቦ «ካርቶኑ ይክፈል» ይላል።